ቃልና ቍጥር፤ ከአቡሻኽር ጉባኤ እስከ ተናጋሪው መሣሪያ

ሰው ከሌላው ፍጥረት የሚለይባቸው ሥራዎች ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ሁለቱ፣ መናገርና መቍጠር፣ ከፍ ያለውን ስፍራ ይይዛሉ። በቃሉ አሳቡን ለጓደኛው ያካፍላል፤ በቍጥሩ ዘመኑን፣ እህሉን፣ ከብቱንና ዕዳውን ያውቃል። ሁለቱ ሙያዎች ግን ጠባያቸው አንድ አይደለም። ቃል ጥቂት ቢጣመም ሰሚው ከነገሩ አካሄድ አቃንቶ ይረዳዋል፤ ቍጥር ግን በአንዲት እንኳ ቢሳሳት ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ተሳስቶ ይሄዳል። አንደበቱ የቀና ሰው ሁሉ ሒሳብ ዐዋቂ አለመሆኑን፣ ሒሳብ ዐዋቂም ሁሉ ነገር ዐዋቂ አለመሆኑን በየቀኑ በየመሥሪያ ቤቱም በየገበያውም እናየዋለን።

በዘመናችን የተነሣው አዲስ ነገር እነዚህን ሁለት ሙያዎች ለማገናኘት የሚሞክር መሣሪያ ነው። ሰው በጽሑፍ ሲጠይቀው በጽሑፍ የሚመልስ፣ ቻትቦት የሚባል፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ተናጋሪ መሣሪያ መጥቷል፤ ይህም ተናጋሪ በራሱ ማስላት ሲቸግረው ለሌላ አስሊ መሣሪያ እየላከ የሒሳብ ጥያቄ መፍታት ጀምሯል። ነገሩ ከአገራችን የራቀ ቢመስልም፣ የደብረ ታቦርንና የደቡብ ጎንደርን ደጋ ታሪክ ላስተዋለ ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ቃልን ከቍጥር፣ ጥበብን ከመሣሪያ የማገናኘት ነገር በዚያ ምድር ከአንድም ሁለት ጊዜ ተሞክሯልና። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ አዲሱን ነገር በአሮጌው ሚዛን እንመዝነው ዘንድ አስቀድመን ወደ ደጋው እንውጣ።

ደብረ ታቦር ከጉና ተራራ በስተ ምዕራብ፣ ርብና ጉማራ ወደ ጣና በሚወርዱበት አገር የተቀመጠች ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ራስ ጉግሣ መቀመጫቸው አደረጓት፤ ከእርሳቸው በኋላም እስከ ራስ ዓሊ ድረስ የየጁ መሳፍንት ገዙባት፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ዋና ከተማቸው አድርገዋት ነበር። የዚህ ምድር ክብር ግን በቤተ መንግሥቱ ብቻ አይደለም። በጋይንት በኩል ድጓ የሚመሰከርበት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባ ይገኛሉ። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኵፋዳውን አንግቶ፣ ከመምህር ወደ መምህር በእግሩ እየተጓዘ ዕውቀትን የለመነበት አገር ነው። ከእነዚህ የዜማና የቅኔ ጉባኤዎች ጎን ለጎን የሚሄድ አንድ ሌላ ትምህርት አለ፤ እርሱም ባሕረ ሐሳብ ነው።

ባሕረ ሐሳብ የዘመን መቍጠሪያ ትምህርት ነው። መስከረም 1 በየትኛው ዕለት እንደሚውል፣ ጾመ ነነዌ መቼ እንደምትገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚሆን በእርሱ ይታወቃል። ትውፊቱ መሠረቱን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል፤ ድሜጥሮስ ሌሊት 23 ሱባዔ፣ ቀን 7 ሱባዔ ገብቶ ምስጢሩ ተገለጠለት ይባላል። ይህ ነገር ራሱ ሒሳብ መሆኑን ልብ በሉ። 23 ሱባዔ በ7 ቀን ሲባዛ 161 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ይህ የአበቅቴ ጥንት ነው። 7 ሱባዔ በ7 ሲባዛ 49 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል፤ ይህም የመጥቅዕ ጥንት ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግብጻዊው ሊቅ አቡ ሻኪር ስለ ዘመን አቈጣጠር በዐረብኛ የጻፈው መጽሐፍም ወደ ግእዝ ተመልሶ በሊቃውንቱ ዘንድ አቡሻኽር ተብሎ ይጠራል፤ ትምህርቱም በዚሁ ስም እስከ ዛሬ ይታወቃል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የግእዝ ቍጥሮች ጥንታቸው ከግሪክ ፊደል ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በ4ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ዒዛና የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ይገኛሉ። ለአንድ፣ ለዐሥር፣ ለመቶ ልዩ ልዩ ምልክት አላቸው እንጂ አልቦ የሚያሳይ ምልክት የላቸውም፤ አንዱ ምልክትም በቆመበት ስፍራ ዋጋው አይለወጥም። 7518 በግእዝ ፸፭፻፲፰ ተብሎ ይጻፋል። ይህን ቍጥር ከሌላው በታች አስቀምጦ ዛሬ ልጆች በደብተር እንደሚያደርጉት ማባዛት ወይም ማካፈል አይመችም። ስለዚህ ብራናው የሒሳቡን ሥርዓትና ውጤት ይጠብቃል እንጂ ሥራው ራሱ በብራና ላይ አይሠራም። ሥርዓቱ በቃል ይጠናል፤ ቈጠራው በጣት አንጓና በልብ ይሠራል። መምህሩ አንድ ዘመን ይጠራል፤ ተማሪው በቃሉ ያጠናውን መንገድ ተከትሎ በጣቱ ቈጥሮ መልሱን ያወጣል። እንግዲህ በዚህ ትምህርት ቃሉ መንገዱን ይናገራል፣ ጣቱ ይቈጥራል፣ መምህሩ ይመረምራል።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። የ2018 ዓመተ ምሕረትን ፋሲካ እንፈልግ ብንል፣ አስቀድመን 5500 ዘመነ ብሉይን በ2018 ላይ ጨምረን 7518 ዓመተ ዓለምን እናገኛለን። ይህ ለ4 ሲካፈል ድርሻው 1879፣ ቀሪው 2 ነው፤ ቀሪው 2 ሲሆን ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ይባላል። ድርሻውን 1879ን ከ7518 ጋር ደምረን ያገኘነውን 9397ን በ7 ስንገድፈው 3 ይተርፋል፤ ከማክሰኞ ጀምረን 3 ስንቈጥር መስከረም 1 ሐሙስ መሆኑን እናውቃለን። ቀጥሎ 7518ን በ19 ስንገድፍ 13 ይቀራል፤ ከዚህ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበር 12 በ11 ሲባዛ 132 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ዳግመኛ ወንበር 12 በ19 ሲባዛ 228 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 18 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 በላይ ስለሆነ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው። 18 እና 7 ሲደመሩ 25 ይሆናል፤ ይህ መባጃ ሐመር ነው። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ትገባለች። በመባጃ ሐመሩ ላይ የትንሣኤን ተውሳክ 9ን ስንጨምር 34 ይሆናል፤ የመጋቢት 30 ሲወጣለት 4 ይቀራል። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ነው ማለት ነው።

አባቶች መንገዱን ከመናገር አልፈው መመርመሪያም አበጅተውለታል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ዘወትር 30 መሆን አለባቸው፤ በምሳሌያችን 12 እና 18 ተደምረው 30 ሆነዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንዱ የ11፣ ሌላው የ19 ብዜት ነው፤ 11 እና 19 ደግሞ በአንድነት 30 ናቸው። ተማሪው በማባዛት ወይም በመግደፍ ቢሳሳት ድምሩ ራሱ ይከሰዋል። ሁለተኛውም ወሰን አለ፤ ፋሲካ ከመጋቢት 26 በፊት አይወርድም፣ ከሚያዝያ 30 በኋላም አይወጣም። ስለዚህ ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው መልስ ሲሰጥ፣ መልሱ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃውንም አብሮ ይይዛል። መልስን ከማስረጃው ጋር አብሮ መያዝ የሚለው ይህ ሥርዓት ከዚህ በታች ለምንናገረው ሁሉ ሚዛን ይሆነናል።

ከደብረ ታቦር ሳንርቅ ወደ ሁለተኛው ታሪክ እንለፍ። ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጡትን የእጅ ባለሙያዎች በዚያ አስቀምጠው መሣሪያ እንዲሠሩላቸው አዘዟቸው። ሰዎቹ የመጡት ለስብከትና ለእጅ ሥራ ነበር እንጂ መድፍ አቅልጠው አያውቁም ነበር፤ ቢሆንም በንጉሠ ነገሥቱ ግፊት እየሞከሩ እየተሳሳቱ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ እስከ ማቅለጥ ደረሱ። ኢትዮጵያውያንም አብረው እየሠሩ ሙያውን ይቀስሙ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ፤ በየገደሉ መንገድ እየተጠረገ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። መድፉ መቅደላ ደረሰ፤ ነገር ግን የንጉሠ ነገሥቱን ዕጣ አልለወጠም፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸው አለፈ። ባለሙያዎቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ የጋፋት እሳት ጠፋ።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ያስቀመጥናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አቡሻኽር መሣሪያ የሌለው ዕውቀት ነበር፤ ከጣት አንጓ በቀር አንዳች መሣሪያ ሳይኖረው፣ በጦርነትና በረኃብ መካከል አልፎ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተላለፈ እስከ ዛሬ ኖረ። ጋፋት ደግሞ ሥር የሰደደ ትምህርት ያልነበረው መሣሪያ ነበር፤ ጌታው ሲወድቅና ባለሙያው ሲሄድ አብሮ ቆመ። የዐፄ ቴዎድሮስ ምኞት ትልቅና የሚያስመሰግን መሆኑን ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ መሣሪያውን የሚያዝ ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን የሚያውቅ፣ ያወቀውንም ለተከታዩ የሚያወርስ ሰው በብዛት ካልተገኘ፣ ታላቁ መሣሪያ በተራራ ራስ ላይ የቀረ ብረት ይሆናል።

ቃልንና ቍጥርን በመሣሪያ የማገናኘት ምኞት በአውሮፓም የቆየ ነው። ጎትፍሪድ ላይብኒትስ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1673 የሚደምር፣ የሚቀንስ፣ የሚያባዛና የሚያካፍል መሣሪያ ወደ ለንደን ወስዶ ለሊቃውንቱ ጉባኤ አሳየ። ይኸው ሰው የሰው አሳብ ሁሉ በምልክት የሚጻፍበት ቋንቋ ቢገኝ፣ የተከራከሩ ሰዎች ክርክራቸውን በማስላት ይጨርሱት ነበር ብሎ ያምን ነበር። ላይብኒትስ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ እንደነበረ ስናስብ ነገሩ ወደ እኛ ይቀርባል፤ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1652 በጎታ ከተማ ከኢትዮጵያዊው መነኵሴ ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ1698ም የአማርኛን ሰዋስው ያሳተመ ሊቅ ነውና። የማስያ መሣሪያ የሠራው ሊቅ የእኛን ቋንቋ ካጠናው ሊቅ ጋር ተዋውቆ ነበር ማለት ነው። ሁለቱ ሙያዎች ግን፣ የቋንቋውና የማስያው፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን በየመንገዳቸው ተጓዙ።

የተገናኙት በእኛ ዘመን ነው። ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ቻትጂፒቲ የተባለው ተናጋሪ መሣሪያ ለሕዝብ ተከፈተ። ይህ መሣሪያ እጅግ ብዙ ጽሑፍ እንዲያነብ ተደርጎ፣ ከተጻፈው ቃል ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባውን ቃል መገመት የተማረ ነው። ግምቱ ከመልመዱ የተነሣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ጽሑፍ ያሳጥራል፣ ጥያቄ ይመልሳል። ነገር ግን ረጃጅም ቍጥሮችን አባዛ ሲባል በመጀመሪያው ጊዜ ብዙ ይስት ነበር። ምክንያቱም ቍጥርን የሚያየው እንደ ብዛት ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ነው፤ ረጅሙንም ቍጥር በቍርጥራጭ ምልክት ከፋፍሎ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ቍርጥራጭ እንደ ቃል ይገምታል። ለ2 በ2 ግምቱ አይስትም፤ ብዙ ጊዜ ተጽፎ አንብቦታልና። ማንም ጽፎት የማያውቀውን የትልልቅ ቍጥሮች ብዜት ሲጠየቅ ግን መልስ የሚመስል መልስ ይሰጣል። ከሁሉም የከፋው፣ የተሳሳተውንም መልስ የሚናገረው ትክክለኛውን በሚናገርበት በዚያው በተረጋጋ አንደበት መሆኑ ነው።

መድኃኒቱ የተገኘው ተናጋሪውን ከአስሊው ጋር በማቈራኘት ነው። መጋቢት 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ቻትጂፒቲ ወልፍራም አልፋ ከተባለው የሒሳብ ማስያ ጋር እንዲገናኝ የሚያደርግ መሣሪያ ይፋ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ ተናጋሪው ራሱ ፓይተን በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ፕሮግራም ጽፎ የሚያሠራበት ክፍል ተጨመረለት። አሠራሩ ይህ ነው። ሰውየው ጥያቄውን በተራ ቋንቋ ያቀርባል፤ ተናጋሪው ጥያቄውን አንብቦ ወደ ሒሳብ ትእዛዝ ይለውጠዋል፤ አስሊው ትእዛዙን ይፈጽማል፤ ተናጋሪው ውጤቱን ተቀብሎ እንደገና በቋንቋ ያስረዳል። አስሊው አይገምትም፤ 7518 በ19 ሲገደፍ 13 እንደሚቀር መቶ ጊዜ ቢጠየቅ መቶ ጊዜ ያንኑ ይመልሳል። የአቡሻኽሩን ተማሪ ብናስታውስ መምሰሉ ይታየናል፤ በቃል የተጠናው ሥርዓት መንገዱን ይናገራል፣ ጣት ይቈጥራል። የጎደለ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መርማሪው መምህር ነው።

የመርማሪ መጉደል ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚያው ከፋሲካ ነገር እናሳይ። የአውሮፓ ምዕራባውያን ፋሲካቸውን የሚያሰሉት ከእኛ በተለየ አቈጣጠር ነው፤ በዓለም ላይ የተጻፈው ጽሑፍና የኮምፒዩተር ፕሮግራም አብዛኛው የእነርሱን መንገድ የሚከተል ነው። ተናጋሪው መሣሪያ የፋሲካን ቀን ሲጠየቅ፣ ጠያቂው የየትኛውን ፋሲካ እንደሚሻ ካላስተዋለ፣ ለአስሊው የምዕራባውያንን መንገድ ሊሰጠው ይችላል። አስሊውም የታዘዘውን ያለ እንከን ያሰላል። የታዘዘው የሌላ ሰው ፋሲካ ከሆነ፣ የሌላ ሰው ፋሲካ በትክክል ተሰልቶ ይመጣል።

የሚያስፈራው ስሕተቱ የሚደበቅበት መንገድ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሁለቱ ወገን ፋሲካ በአንድ ቀን፣ ሚያዝያ 12 ቀን፣ ውሎ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው መሣሪያውን ለመፈተን የ2017ን ፋሲካ ጠይቆት ቢሆን፣ በተሳሳተው መንገድ ሄዶም ትክክለኛውን ቀን በመለሰለት ነበር። ሰውየውም ተማምኖ የ2018ን ሲጠይቀው፣ ያው መንገድ መጋቢት 27ን ያወጣለታል። ይህ ቀን ከመጋቢት 26 በኋላ ስለሆነ ከወሰኑ አልወጣም፤ ወሰኑን ብቻ የሚያውቅ ሰው አይነቃበትም። ነገር ግን መጋቢት 27 በእኛ አቈጣጠር ሆሣዕና ነው፤ ያን የተቀበለ ቤተሰብ ጾሙን በሕማማት ዋዜማ ፈትቶ ይገኛል። አበቅቴውን፣ መጥቅዑንና መባጃ ሐመሩን በየተራ የሚያወጣ ሰው ግን ስሕተቱን ወዲያው ያየዋል። መልሱን ብቻ መፈተን እንደማይበቃ፣ መልሱ የመጣበትን መንገድ መመርመር እንደሚገባ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አናገኝም።

የዓለም ሊቃውንትም ወደዚሁ አሳብ እየመጡ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የጉግል ኩባንያ ሁለት መሣሪያዎቹን በዓለም አቀፍ የተማሪዎች የሒሳብ ውድድር ጥያቄዎች ፈትኖ፣ ከ6 ጥያቄዎች 4ቱን ፈትተው ከ42 ነጥብ 28 ማግኘታቸውን አስታወቀ፤ ይህም የብር ሜዳልያ ደረጃ ነበር። ከሁለቱ አንደኛው፣ አልፋፕሩፍ የተባለው፣ ማስረጃውን ሊን በተባለ የሒሳብ ቋንቋ ይጽፍ ነበር፤ በዚህ ቋንቋ የተጻፈ ማስረጃ በእያንዳንዱ ደረጃ በኮምፒዩተር ይመረመራል፤ አንዲት ደረጃ ብትጎድል አያልፍም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በሐምሌ 2017 ዓ.ም.፣ አዳዲሶቹ መሣሪያዎች በተራ ቋንቋ ማስረጃ እየጻፉ ከ6 ጥያቄዎች 5ቱን ፈትተው ከ42 ነጥብ 35 አገኙ፤ ይህም የወርቅ ደረጃ ነው። እንግዲህ ተናጋሪው በሒሳብ ደካማ ነው ብለን እስከ መጨረሻው መናቅ አይቻለንም። የሚሠራው ሥራ በከበደ መጠን ግን ሥራውን የሚመረምረው ሰው ዕውቀት እንዲያንስ ሳይሆን እንዲበዛ ያስፈልጋል።

ይህ ነገር ለደጋው ልጅ ምን ይጠቅመዋል? ብለን ብንጠይቅ፣ ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና በመላ አገሪቱ ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015ም 3.2 በመቶ ሆኑ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ከጉና ሥር ባለች ቀበሌ ያለ ልጅ መምህር ቢያጣ፣ በእጅ ስልክ የሚመልስለት ተናጋሪ ቢያገኝ፣ ትልቅ ዕድል ነው ብለን እናምናለን። የማያውቀውን ደጋግሞ ቢጠይቀው አይቈጣውም፤ በሌሊት ቢጠይቀው አይተኛም። ነገር ግን ያው ልጅ የቤት ሥራውን ለመሣሪያው ሰጥቶ መልሱን ብቻ ቢገለብጥ፣ በፈተናው አዳራሽ ብቻውን ሲቀመጥ እጁ ባዶ ነው። መረቡም በተቋረጠ ቀን ዕውቀቱ አብሮ ይቋረጣል። የጋፋት ታሪክ በየቤቱ ይደገማል ማለት ነው።

ስለዚህ የምንመክረው መሣሪያውን መከልከል አይደለም፤ መከልከሉም የሚቻል አይመስለንም። የምንመክረው በአቡሻኽር ሥርዓት እንዲያዝ ነው። ተማሪው አስቀድሞ መልሱ በምን ወሰን ውስጥ ሊገኝ እንደሚገባው በራሱ ይገምት። መሣሪያውን ሲጠይቅ መልሱን ብቻ ሳይሆን መንገዱን ደረጃ በደረጃ ያስጽፈው። ቍጥር ያለበትን ሥራ በአስሊው እንጂ በግምት እንዳይመልስለት ያዘው። ከደረጃዎቹም ሁለቱን ወይም ሦስቱን በራሱ እጅ ይሥራቸው፤ መልሱንም በሌላ መንገድ አምጥቶ ያስተያየው፤ አበቅቴ ከመጥቅዕ ጋር ተደምሮ 30 እንደሚሆን ሁሉ፣ የተካፈለው ተባዝቶ፣ የተቀነሰው ተደምሮ ወደ ጥንቱ መመለስ አለበት። መምህሩም በበኩሉ መልሱን ሳይሆን መንገዱን ይጠይቅ፤ ተማሪውን በሰሌዳው ፊት አቁሞ ይህ 13 ከየት መጣ? ይበለው። ከየት እንደመጣ መናገር የቻለ ልጅ በመሣሪያም ቢሠራው ዐውቆታል፤ ያልቻለው ግን ገልብጦታል።

ሌላም የቀረ ሥራ አለ። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ደቀ መዛሙርቱ እያነሱ ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት የሒሳብና የኮምፒዩተር ወጣቶቻቸውን ከአቡሻኽር መምህራን ጋር ቢያቀማምጡ ሁለቱም ወገን ያተርፋል። ወጣቱ የ19ን ዓውድ፣ የ28ን ዓውድ፣ ሁለቱ ተባዝተው የሚሰጡትን የ532ን ዓውድ ከመምህሩ አንደበት ሰምቶ ወደ ፕሮግራም ይለውጠዋል፤ መምህሩ የመሣሪያውን ውጤት በጣቱ ቈጥሮ ይመረምራል። እንዲህ ከሆነ ተናጋሪው መሣሪያ ስለ እኛ ፋሲካ ሲጠየቅ የሚያነበው የእኛ ጽሑፍ ይኖረዋል። ዛሬ የሚስተው ብዙውን ጊዜ በክፋት ወይም በድካም ሳይሆን የእኛን መንገድ በበቂ ተጽፎ ስላላገኘው ነውና፣ መጻፉ የእኛ ዕዳ ነው።

በጋፋት የጠፋው እሳት የጠፋው ብረቱ ስላነሰ አልነበረም። በየገዳሙና በየደብሩ የቀረው ቈጠራ ደግሞ የኖረው ወርቅ ስለተጨመረበት አይደለም፤ እያንዳንዱ መምህር አንድ ልጅ አስቀምጦ፣ ቈጥረህ አሳየኝ ስላለው ነው። ተናጋሪውና አስሊው መሣሪያ በየቤታችን ገብተዋል። ቈጥረህ አሳየኝ የሚለውን ሰው ማዘጋጀት ግን የመምህራን፣ የወላጆችና በየመሥሪያ ቤቱ ያለን የእኛ ሁላችን ሥራ ስለሆነ፣ ጊዜው ሳያልፍብን እንነሣበት።